ሳቁ የወደቀበት ቦታ፦ ጎድዚላ በጣና ዳር የታየባቸው ስድስት ቅዳሜዎች

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል፣ አክስቴ እቴቴ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥበት ከሐይቁ ጋር የሚዋሰን ግቢ አለ። ባለፈው በጋ እዚያ ግቢ ስድስት ቅዳሜ ማታ ፊልም አሳየን። ስድስቱንም ማታ የታየው አንድ አውሬ ነው፤ ጎድዚላ። ይህ አውሬ መጀመሪያ የወጣው በ1954 ጃፓን ውስጥ ነው (ሌላ ካላልኩ በቀር እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ጃፓኖችም አሜሪካኖችም እየተቀባበሉ እንደ አዲስ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ዛሬ ፊልሞቹ ከ30 በላይ ሆነዋል። እኛ አምስቱን መረጥን፤ የ1954ቱን፣ የ1998ቱን፣ የ2014ቱን፣ የ2016ቱንና የ2023ቱን። ስድስተኛው ቅዳሜ በዕቅዳችን አልነበረም።

ሐሳባችን የድሮውን ከአዲሱ እያስተያየን አብረን መሳቅ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ግን ሳቁ ሊወድቅ በማይገባው ቦታ ወደቀ፤ ሰው አስቀየምን። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ማን የት ላይ እንደሳቀ፣ ማን የት ላይ ዝም እንዳለ ጻፍኩ። የሚከተለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ተርጓሚው

ጋሼ የምንለው ሰው በልጅነታችን የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። ቪዲዮ ቤት ላልደረሰበት ላስረዳ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ጭቃ ቤት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፣ ከዚያ ወዲህ የእንጨት አግዳሚ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ካሴቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ደጋግሞ ከመቀዳቱ የተነሣ የሰው ፊት አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናል። የሚነገረው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሁን ቻይንኛ ለእኛ ለውጥ አልነበረውም፤ ሁሉንም ጋሼ ያውቀዋል ብለን ነበር የምናምነው። በርጩማውን ከቴሌቪዥኑ ጎን አድርጎ፣ ቀጭን ዱላ ይዞ፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ ማን ከማን ደም እንደተቃባ፣ አክተሩ የትኛው እንደሆነ ይነግረናል። አክተር ማለት ያኔ ማንኛውም ተዋናይ ማለት አልነበረም፤ ዋናው ሰውዬ ማለት ነው። አክተር ደግሞ አይሞትም።

ጋሼ ቃል በቃል አይተረጉምም። «አሁን ምን አለው? የወንድሜን ደም ሳልመልስ እህል አልቀምስም አለው» ይለናል፤ ሰውየው ስክሪኑ ላይ የተናገረው ምናልባት ሁለት ቃል ነው። ሰው ሲያለቅስ ያጽናናል፤ ፊልሙ ሲሰለች ቀልድ ይጨምራል። ሲያድጉ ያንኑ ፊልም በትክክለኛ ትርጉም ያዩት ጓደኞቼ ብዙዎቹ የጋሼ ይሻል ነበር ይላሉ። እኔም እንዲያ እላለሁ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። የ1954ቱ ጎድዚላ አሜሪካ የገባው በ1956 ነው፤ የገባውም ተቆራርጦ፣ አዲስ የተቀረጹ ትዕይንቶች ተጨምረውበት ነው። ሬይመንድ በር የሚባል ተዋናይ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሆኖ መሃል ገባና የሚሆነውን ለተመልካቹ እያስረዳ ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ለጃፓኑ ፊልም ተርጓሚ ቀጠሩለት ማለት ነው። የመጀመሪያው ዳግም ሥሪት የተሠራው በርጩማ ከስክሪኑ ጎን በማስቀመጥ ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግረው በጣም ደስ አለው፤ «ደመወዙ ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ፤ ለሠርግና ለምርቃት የማከራየው ፕሮጀክተርም አለኝ። እቴቴ ግቢውን ሰጠችን፤ ሁለት ግንድ መሃል ነጭ አቡጀዲ ወጠርን። የሚመጡት ለእሷ ዓሣ የሚያቀርቡ አጥማጆች፣ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ ጀልባ ነጂዎች፣ ከሥራ በኋላ ዓሣ ሊበሉ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞችና የሰፈር ልጆች ነበሩ። በየማታው ሠላሳ ሰው ያህል። ጎድዚላን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከውኃ የሚወጣ አውሬ ለሐይቅ ዳር ሰው ይጥማል ብዬ።

የተቀየምንበት ማታ

የ1954ቱ ፊልም በጥቁርና ነጭ ነው፤ ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ። ሲጀምር መርከበኞች ከሥራ አርፈው መርከባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጊታር ይነካካል፣ አንዱ ሃርሞኒካ ይነፋል። ባሕሩ ድንገት በብርሃን ይፈላና መርከቧ ተቃጥላ ትሰጥማለች። ልትፈልጋት የሄደችውም ትጠፋለች። ቤተሰብ የመርከብ ኩባንያው ቢሮ ላይ ተሰብስቦ «የእኛ ሰው የት አለ?» እያለ ይጮኻል። ቢሮው የሚሰጠው መልስ የለውም።

ከጋሼ ጋር ቀድመን ተማክረን ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየቀለደ ሊሄድ። መርከቧ ስትቃጠል በርጩማው ላይ እንደ ድሮው ቀና ብሎ «ይኸው የእቴቴ ጥብስ ተጀመረ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ሠራተኞቹም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤተሰቡ ቢሮው ላይ ሲጮህ ደግሞ «መታወቂያ ያልያዘ አይስተናገድም» አለ፤ ሳቁ ባሰ። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሁለት ወጣት አጥማጆች ተከተሏቸው። ፊልሙ ሳያልቅ ከአጥማጆቹ የቀረ አልነበረም።

ነገሩን የነገረችኝ እቴቴ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት የአዛውንቱ ታናሽ ወንድም መረብ ሊያነሣ ሌሊት ወጥቶ ነፋስ ተነሣ። ታንኳው በማግስቱ ደንገል ውስጥ ተገኘ፤ እሱ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስቱን ቀን ቤተሰቡ ዳር ላይ ተቀምጦ ነው የጠበቀው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጋሼ ጋር ቤታቸው ሄድን። ይቅርታ ጠየቅን። አዛውንቱ ቡና እስኪፈላ ምንም አላሉም። ኋላ ያሉትን እንደወረደ ጽፌዋለሁ፦ «ፊልሙ አልከፋኝም። እናንተ ሰው ሰውን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሳቃችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ ብትስቁ ምን ነበረበት?»

ያን ሳምንት ስለ ፊልሙ አነበብኩ፤ ከማሳየቴ በፊት ማንበብ ነበረብኝ። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ በሚባለው የፓሲፊክ ደሴት ላይ ጉልበቱ 15 ሜጋቶን የሆነ የሃይድሮጂን ቦምብ ፈነዳች። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22 ቀን 1946 ነው፤ የዓድዋ ዋዜማ። ከክልክሉ ክበብ ውጭ ቱና እያጠመደች የነበረች አንዲት የጃፓን ጀልባ ላይ ነጭ አመድ ዘነበ። ስሟ ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ ነው፤ አምስተኛዋ ባለ ዕድል ዘንዶ እንደማለት። 23 ሰዎች ነበሩባት፤ ሁሉም በጨረሩ ታመሙ። ሬዲዮ የሚሠራው አይኪቺ ኩቦያማ መስከረም ላይ ሞተ። ጃፓን ውስጥ ዓሣ መግዛት አስፈሪ ሆነ፤ የተያዘው ቱና እየተቀበረ ተጣለ። ፊልሙ በዚያው ዓመት ኅዳር 3 ወጣ። በብርሃን የሚነድደውን መርከብ ያየ ጃፓናዊ የትኛዋን ጀልባ እንደሚያስብ የሚነግረው ተርጓሚ አላስፈለገውም። እኛ ጋ ደግሞ የጃፓኑን ወሬ ሳይሰሙ ነገሩ የገባቸው አጥማጆቹ ናቸው።

ዓሣ የተቆለለበት ማታ

በሁለተኛው ቅዳሜ አዛውንቱ መጡ። ማንም ምንም አላለም፤ እቴቴ ወንበር አቀረበችላቸው። ጋሼ ሰላም ሲላቸው ብድግ ብሎ ነው።

የ1998ቱ የሆሊውድ ሥራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሮላንድ ኤመሪክ፣ ወጪው ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር። የ1954ቱ አውሬ ሰው ውስጡ የገባበት የጎማ ልብስ ነበር፤ ይኸኛው በአብዛኛው በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ይሮጣል፣ ሕንፃ መሃል ይሸሸጋል። በዚህ ፊልም ግን ግቢው ሙሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ያለ አንዳች ቅሬታ።

መነሻው ዓሣው ነው። አሜሪካኖቹ አውሬውን ከተደበቀበት ለማውጣት ኒው ዮርክ መሃል አደባባይ ላይ በመኪና እያመጡ ዓሣ ይቆልላሉ፤ ተራራ ያህል። አጥማጆቹ ተነሥተው ቆሙ። አንዱ «ይህን ሁሉ ያጠመደው ማን ነው?» አለ። ሌላው በኪሎ ማስላት ጀመረ። ሦስተኛው ደግሞ «በጾም ነው በፍስክ?» ብሎ ጠየቀ፤ ዋጋው ይለያያላ። በዚያ ሰሞን ጣና ላይ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ጥለው ጥቂት ቀረሶና ሁለት አምባዛ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፤ እምቦጩ መረባቸውን እየጎተተ ያስቸግራቸዋል። ለእነሱ ከአውሬው ይልቅ የማይታመነው ያ ቁልል ነው። ጋሼ ምንም አልጨመረም። ዱላውን ቁልሉ ላይ አድርጎ ዝም አለ፤ ያ ከቀልድ ሁሉ በለጠ።

ቀጥሎ ሳይንቲስቱ ፋርማሲ ሄዶ የእርግዝና መመርመሪያ ይገዛና በአውሬው ደም ይሞክረዋል። እርጉዝ ነው። እቴቴ ከምጣዱ ሳትነሣ «ካርድ ያውጡለታ!» ብላ ጮኸች። ያ ቃል እስከ በጋው መጨረሻ ከግቢው አልወጣም፤ አሁንም ዓሣ የዘገየበት ደንበኛ «ካርድ ላውጣ እንዴ?» ይላል።

በዚህ ፊልም ላይ የእኔ ፍርድ ከሳቁ ይከብዳል። የአውሬውን መወለድ ከአሜሪካ ቦምብ አንሥተው ለፈረንሳይ ሙከራ ሰጡት። መጀመሪያ ላይ አንድ የጃፓን የዓሣ መርከብ ትጠቃለች፤ ከሞት የተረፈ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ሆስፒታል ተኝቶ የአውሬውን ስም ደጋግሞ ይጠራል። ፊልሙ ስሙን ወሰደና ሽማግሌውን ትቶት ሄደ። አውሬው በድልድይ ሽቦ ተጠላልፎ ሲሞት፣ ሰዎቹ ሲተቃቀፉ፣ አዛውንቱ አጥማጅ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ሽማግሌ የት ደረሰ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ ፊልሙም የለውም።

ጃፓኖቹ ራሳቸው የሰጡት መልስ ግን አለ። ጎድዚላን የፈጠረው ቶሆ የተባለው ኩባንያ ይህን የአሜሪካ አውሬ ኋላ ላይ ዚላ ብሎ ለየው። በ2004 ባወጣው ፊልም ደግሞ ዚላንና ጎድዚላን ሲድኒ ላይ አገናኛቸው፤ ጸቡ ወዲያው ነው ያለቀው። ያንን ቁራጭ ብቻ ለልጆቹ አሳየኋቸው፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

የ2014ቱ

በዚህ ብዙ አልቆይም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አውሬውም ከመብራቱ አልተሻለም፤ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልጆቹ «አክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ አሰለቹን። ዳይሬክተሩ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ሆን ብሎ ነው የደበቀው፤ አውሬው ሲመጣ እንዲከብድ። እኔ ስልቱን እወደዋለሁ፤ ግቢው ግን አልወደደውም፤ የግቢውንም እቀበላለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጋሼ መልሰው አለኝ። አንድ ሰው በ1954 ስለተጣሉት ቦምቦች ሲናገር ሙከራ እንዳልነበሩ፣ አውሬውን ሊገድሉት እንደነበር ይገልጻል። ጋሼ ደግሞ አዳመጠው። «እንዲህ ነው ያለው?» አለኝ፤ አዎ አልኩ። ለተመልካቹ ሳይተረጉመው አለፈ። በመጀመሪያው ፊልም ቦምቡ ነው አውሬውን ያመጣው፤ በዚህኛው ቦምቡ ዓለምን ሊያድን የተጣለ ሆነ። 23ቱ አጥማጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታቸው የት ነው? እንደ አዲስ መሥራት ይፈቀዳል፤ ተረትም በየቤቱ ሲነገር ይለወጣል። የተበደለውን ሰው ከታሪኩ አውጥቶ ለበዳዩ ምክንያት ማበጀት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ይህን በጣም እቃወማለሁ።

ስብሰባ

አራተኛው ማታ የሠራተኞቹ ነበር። የ2016ቱ የጃፓን ሥራ ነው፤ ሂዴያኪ አኖና ሺንጂ ሂጉቺ ዳይሬክት ያደረጉት። አውሬው ቶኪዮ ሲገባ መንግሥት ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ይወልዳል፤ ሰዎቹ ከአንዱ አዳራሽ ተነሥተው ሌላ አዳራሽ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ባለሥልጣን ሲናገር ረጅም የሥራ መደቡ ከነስሙ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው አውሬው ወደ የብስ አይወጣም ብለው ሳይጨርሱ መውጣቱ ይነገራቸዋል።

የመንግሥት ሠራተኞቹን በዚያ ማታ ማየት ነበር። አንዲት ሴት «ቃለ ጉባኤ ያዥ ማን ነው?» ስትል ባልደረባዋ ውኃ ትን አለው። አንዱ «ኮሚቴ ይቋቋም!» ብሎ ጮኸ፤ ፊልሙ ውስጥ በዚያው ቅጽበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሼ የሥራ መደቦቹን እያነበበ አለቀ፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። አጥማጆቹ እየተያዩ ቀስ ብለው ነው የሳቁት፤ ስብሰባውን ከበሩ ውጭ ሆነው የሚጠብቁት እነሱ ስለሆኑ ይመስለኛል።

አውሬው መጀመሪያ ሲመጣ በሆዱ የሚሳብ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አሻንጉሊት የሚመስል ነገር ነው። ልጆቹ ሞቱ በሳቅ። ነገር ግን ወንዙን ይዞ ሲወጣ ፊቱ ያሉትን ጀልባዎች እየገፋ ይከምራቸዋል፤ ጀልባ በጀልባ ላይ ተነባብሮ ድልድይ ሥር ይጨናነቃል። ጀልባ ነጂዎቹ ሳቃቸውን እንደያዙ ቆሙ። ጃፓን በ2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ፣ የፉኩሺማው የኒውክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ በቴሌቪዥን የታየው ምስል ይህ ነበር። ፊልሙ ሳቁንና ሐዘኑን እዚያው ትዕይንት ውስጥ አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ ዓይኑን ታያለህ፣ ቀጥሎ ጀልባዎቹን። በዚያ ማታ ማንም አልተቀየመም፤ ሳቃችሁን አቁሙ ብሎ ያዘዘ የለም፤ በራሱ ቆመ። በደብተሬ ላይ ከዚህ አጠገብ «አዛውንቱ ያሉት ይህን ነው» ብዬ ጽፌያለሁ።

የእንጨቷ ጀልባ

የ2023ቱን የሠራው ታካሺ ያማዛኪ ነው። ወጪው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው ተብሏል፤ የ1998ቱ ከወሰደው ዘጠነኛው እጅ መሆኑ ነው፣ ያውም ከ25 ዓመት በኋላ። የምስል ቅንብሩን የሠሩት 35 ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ሥራ ፊልሙ በ2024 ኦስካር ወሰደ።

ታሪኩ በጦርነቱ ማብቂያ ይጀምርና ጃፓን ተሸንፋ ፍርስራሽ ላይ ወደተቀመጠችበት ጊዜ ይሻገራል። ከሞት የሸሸ አንድ አብራሪ ሥራ ሲያጣ ፈንጂ በምትለቅም ትንሽ ጀልባ ላይ ይቀጠራል። ጀልባዋ እንጨት ናት፤ ፈንጂዎቹ ብረት ሲቀርባቸው ስለሚፈነዱ። ጀልባ ነጂዎቹ ይህን ሲሰሙ ወደ ፊት ተጠጉ። ሠራተኞቹ አራት ናቸው፤ በቀልድ ይጎሻሸማሉ፤ አንደኛው ወጣት ጦርነቱ ስላመለጠው ይቆጫል፣ ትልልቆቹ ይቆጡታል። አውሬው እየዋኘ ሲያባርራቸው ሞተሩ እየጮኸ ያቺ እንጨት ከፊቱ ትሸሻለች። ከኋላዬ አንዱ ነጂ ያለማቋረጥ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ጠምዝዘው» ይል ነበር።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ አውሬውን ከሥር ለማውጣት ኃይል ሲያንሳቸው፣ ያልታሰቡ ትናንሽ ጎታች ጀልባዎች ከአድማስ ይመጣሉ። ግቢው አጨበጨበ። ጋሼ ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አፉን አልከፈተም ነበር። ሲያልቅ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። «ምን የሚተረጎም አለው?» አለኝ።

ያልታቀደው ቅዳሜ

አዛውንቱ ናቸው የጠየቁት። «ያን የመጀመሪያውን ልጨርሰው፤ ጀምሬው ነው የወጣሁት» አሉ። ስለዚህ ስድስተኛው ማታ የ1954ቱን ደገምን።

ጋሼ በርጩማውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳበው። መርከቧ ስትነድድ «መርከቧ ተቃጠለች» አለ። ቢሮው ላይ «ሰዎቻቸውን እየጠየቁ ነው፤ የሚመልስላቸው የለም» አለ። ታሪኩ ወደ ደሴቱ ሲሻገር አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ዓሣ የጠፋው በዚያ አውሬ ምክንያት ነው ይላል፤ ዱሮ ዓሣ ሲጠፋ ልጃገረድ በግንድ ርብራብ ላይ አድርገው ወደ ባሕር ይልኩለት እንደነበር ይናገራል። አጥማጆቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኛም ጋ ስለ ጉማሬ ብዙ ይወራል።

ከዚያ አውሬው ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለ። ጭንቅላቱ የእጅ አሻንጉሊት ነው፤ ዓይኑ የትም አያይም። ጋሼ ቀድሞ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። የሳቁት አዛውንቱ ናቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «ይህን ነው እንዴ የፈራችሁት?» አሉ ለስክሪኑ። ያኔ ግቢው ተፈታ። ጋሼ ተለቀቀ፤ ባቡሩን ሲያነሣ «ትርፍ ጭነሃል ብሎት ነው» አለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲበጥስ «ለዚህ ነው ለካ የሚጠፋብን» አለ፤ እቴቴ ምጣዷን ትታ መጣች።

በዚያ ሳቅ መሃል ስለ ጎማው የማውቀውን ነገርኳቸው። ውስጥ ያለው ሃሩኦ ናካጂማ የሚባል ሰው ነው፤ የለበሰው ልብስ ወደ 100 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ መብራቱ እያቃጠለው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይችልም ነበር። እስከ 1972 ድረስ ያንን አውሬ ሆኖ ሠራ። አንድ መቶ ኪሎ ሲባል ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ በኋላ አውሬው በተንገዳገደ ቁጥር «አይዞህ!» ይሉት ጀመር። እየሳቁ ነው፤ ግን «አይዞህ» ነው የሚሉት። የ1998ቱን አውሬ ማንም አይዞህ አላለውም።

ጩኸቱንም አነሣሁ። ከጀልባ ነጂዎቹ ማሲንቆ የሚሞክር አንድ ልጅ አለ፤ ገና ሳልናገር «ይህ የእንስሳ ድምፅ አይደለም፤ ክር ነው» አለኝ። ልክ ነው። የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ኮንትራባስ የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ክር አላልቶ፣ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት እየፈተገ ነው ያወጣው። ልጁ ከዚያ በኋላ ፊልሙን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማው።

መጨረሻው ላይ ሳይንቲስቱ ሴሪዛዋ የሠራው መሣሪያ ዳግም በማንም እጅ እንዳይገባ ከአውሬው ጋር ባሕር ሥር ይሞታል። ጋሼ ድሮ ቢሆን አክተር አይሞትም ብሎ ያሻሽለው ነበር። አሁን «ሞተ» ብቻ አለ። የመጨረሻው ቃል የሌላው ሽማግሌ ሳይንቲስት ነው፤ ይህ ሙከራ ከቀጠለ ሌላ ጎድዚላ አንድ ቦታ ይነሣል የሚል። ጋሼ ይህንን ቃል በቃል ተረጎመው፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሰው ሲበተን አዛውንቱ ቆዩ። አቡጀዲውን እያጠፍኩ ሳለ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ያች የእውነቷ ጀልባ፣ አመድ የዘነበባት፣ ምን ሆነች?»

«አለች፣ አባባ። ቶኪዮ ውስጥ ቤት ተሠርቶላት ሰው እየገባ ያያታል።»

«ብረት ናት?»

«እንጨት ናት።»

«ርዝመቷ?»

«ሃያ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል።»

ግቢውን ዞረው አዩት። ጀርባቸውን ከእቴቴ ማድቤት ግድግዳ ጋር አደረጉና ወደ ሐይቁ መራመድ ጀመሩ፤ እየቆጠሩ፣ እርምጃቸውን ሰፋ አድርገው። በአቡጀዲው ግንዶች መሃል አለፉ። ደረቁ መሬት ሃያ ሁለት ላይ አለቀ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ገቡ። «ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት» የሚለው ድምፃቸው ከውኃው ላይ ይሰማኝ ነበር። ሃያ ስምንት ላይ ቆሙና ወደ ግድግዳው ዞረው አዩ።